የልጄን ቀሚስ የፈተለች እጅ

ሐኪሙ "እናቴ፣ ቀዝቃዛ ነገር እንዳይነኩ" ሲለኝ ብርድ እንዳይመታኝ የፈራ መሰለኝ። "ጋቢ እደርባለሁ" አልሁት። እሱ የሚለው ግን ሌላ ነበር። መድኃኒቱ በገባ ሰሞን ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀዝቃዛ ብረት፣ የጠዋት ነፋስ ሳይቀር እንደ መርፌ ይወጋዎታል፤ ቀዝቃዛ ከጠጡ ጉሮሮዎ ይያዛል አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ከጎጃም አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከሐኪም ጋር የሚከራከር ሰው የለም።

በሽታዬ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። ባሕር ዳር ሆዴን ከፍተው ያበጠውን ቆርጠው አወጡልኝ። ነገር ግን ጉበቴም ላይ አገኙት። "ገፍቷል" አሉ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ። በየሦስት ሳምንቱ አንድ ቀን በክንዴ የሚንጠባጠብ መድኃኒት፣ ከዚያ ቤቴ ገብቼ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ የምውጠው ኪኒን ታዘዘልኝ። ሁለቱ ተጋግዘው ነው የሚሠሩት አሉኝ። "ያድነኛል?" ብዬ ጠየቅሁት። "ጊዜ ይሰጥዎታል" አለኝ። ጊዜ የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው። በሐኪም እጅ ከሰጠም ተመስገን።

ጊዜውን የምፈልገው ለአንድ ነገር ነበር። ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ለቡሬ ልጅ ታጭታ የሰርጉ ቀን ከጥምቀት በኋላ ተቆርጦ ነበር። በእኛ ቤት የሙሽራን ቀሚስ ማግ የምትፈትል እናት ናት። ድሩ ከሱቅ ይገዛል፤ ማጉን የገዛች እናት ግን አላውቅም። እናቴ ለእኔ ፈትላልኛለች፤ እናቷም ለእሷ። ጥጡን ከፍኖተ ሰላም ገበያ ገዝቼ፣ በክረምት ፈልቅቄና ነድፌ በቁና አስቀምጬው ነበር። የገና በዓል ሳይደርስ ልቃቂቱን ለሸማኔው ማድረስ ነበረብኝ። በጸሎቴም የምለው ይህንኑ ነበር፦ ቀሚሱን እስክፈትል አቆየኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያንተ ፈቃድ።

ጥቅምት ላይ ታናሽ እህቴ ልታስታምመኝ ከአገሯ ከፈረስ ቤት መጣች። እናታችን ስትሞት ልጅ ስለ ነበረች ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። አንዲት ፌስታል ልብስ ይዛ ገባች። ከፌስታሉ አፍ የእንዝርት ጫፍ ብቅ ብሎ አየሁ።

"እንዝርቱ ምን ሊሆን ነው?" አልኋት፣ ገና ሳትቀመጥ።

"እጄ ሥራ ሲፈታ ያመኛል፣ እትዬ።"

"እዚህ ሥራ ሞልቷል። ፈትል ግን የለም።"

"ይሁን፤ ይቀመጥ" አለችና መደቡ ላይ ጣል አደረገችው።

ከመጀመሪያው መድኃኒት የተመለስሁ ማግስት ማለዳ ተነሥቼ በሩን ልከፍት መቀርቀሪያውን ያዝሁ። እጄ ነደደ። ብርድ ያቃጥላል ብሎ የነገረኝ ቢኖር አላምነውም ነበር። ጮኼ ለቀቅሁት።

"ምነው? እባብ ነው?" አለች እህቴ ከመኝታዋ ዘልላ።

"ብረቱ ነከሰኝ።"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አሮጌ ጨርቅ ቀዳደደችና መቀርቀሪያውን ጠቀለለችው። የጀሪካኑን እጀታም ጠቀለለች። የምጠጣውን ውሃ ለብ ታደርጋለች። ማንኪያዬን ሳይቀር ብብቷ ውስጥ አሙቃ ትሰጠኛለች። ሰው ለሰው ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል? ግን እንዲህ ሆነ፤ በገዛ ቤቴ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ የእሷን ገላ ሳይነካ ወደ እኔ የማይደርስ ሆነ። ቁልፉ እሷ ዘንድ፣ ውሃው እሷ ዘንድ። ማንኪያው የእሷን ብብት ይሸታል። እየበላሁ እቀናለሁ።

መብላቱም መብላት አልነበረም። አፌ ውስጥ ሁሉም ነገር የዛገ ምስማር ሆነ። ጨው ያው፣ ማር ያው። ሽንኩርት ሲቁላላ ከሸተተኝ ያለውንም የሌለውንም አወጣዋለሁ። ስለዚህ እህቴና ልጄ ምድጃውን ነቅለው ከቤቱ ጀርባ ከግራሩ ሥር ወሰዱት። እዚያ ሆነው ሲያበስሉ ሳቃቸው ይሰማኛል። ልጄ እኔ ዘንድ ስትገባ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ አልጋው ጠርዝ ላይ በአንድ ጎን ትቀመጣለች። እዚያ ግን ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃቸው ለመስማት ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግሁ። ስለ አንድ ያበደ ዶሮ ነበር የሚያወሩት። ስለ ዶሮው እኔም አውቃለሁ። ለእኔም ብትነግረኝ እስቅላት ነበር።

ሆዴ ደግሞ አይያዝም። ሲመጣ ሩጫ ነው። እህቴ ጋቢውን ይዛ ከኋላዬ ትሮጣለች፤ ከጓሮ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቆማለች። "አይዞሽ፣ ማንም የለም" ትለኛለች። የሕፃንነት ጨርቋን ያጠብሁት እኔ ነኝ። አሁን ተገለባበጥን። ተመስገን እላለሁ፤ ጥርሴን ግን እነክሳለሁ።

የነቢያት ጾም ገባ። የነፍስ አባቴ መጥተው "አንቺ አትጾሚም፤ ወተቱንም እንቁላሉንም ትወስጃለሽ፤ ለአንቺ መድኃኒት ነው" አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ገድፌ አላውቅም። እህቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፏን ሳታሟሽ ትውልና ለእኔ ወተት ታፈላለች። ወተቱን ስታቀርብልኝ ከንፈሯ ደርቋል። በዚያ በደረቀ ከንፈሯ እንኳ ቀናሁ። እሷ ለእግዚአብሔር የምትሰጠው ነበራት። እኔ ወተት ጠጪ ሆንሁ።

ኅዳር ላይ የሰርጉ በርበሬ ከማሳ ገባ። በእኛ አገር በርበሬ መቀንጠስ የሴቶች ወሬ መፍቻ ነው። እኔም ልቀመጥ ብዬ አንዱን ብቆነጥጠው መዳፌ ተቃጠለ። ለካ ኪኒኑ መዳፌንና የእግሬን ውስጥ እያቀላ ቆዳውን ገፎት ኖሯል። እጄን በቅቤ ቀብተው ከግቢው ዳር በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ሴቶቹ ይቀነጥሳሉ፤ እህቴ መካከላቸው ተቀምጣ ታስቃቸዋለች። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ አየኋቸው።

ይሁን ሁሉም ይሁን፤ ማጉ አለ እል ነበር። ማጉን ለማንም አልሰጥም።

ፈትሉን የጀመርሁት ጥቅምት ውስጥ ነው። ያኔ ብርድ ካልነካኝ ጣቴ ደኅና ነበር፤ መድኃኒቱ በገባ በሳምንቱ ይለቀኛል፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ እፈትላለሁ። መድኃኒቱ እየተደጋገመ ሲሄድ ግን የጣቶቼ ጫፍ አልመለስ አለ። ደነዘዘ። ፈትል የሚፈተል በዓይን አይደለም፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ነው። ክሩ ሲቀጥን፣ ሲወፍር፣ ሊበጠስ ሲል የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አሁን ክሩ በመካከላቸው ይለፍ አይለፍ አላውቅም። እንዝርቱ ይዞራል፤ ክሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይበጠሳል። ስቀጥለው ቋጠሮ ይሆናል።

ጎረቤቴ አንድ ቀን ልትጠይቀኝ መጣች። የሰፈራችን ሴቶች የአንድ ለአምስት ጠርናፊ እሷ ስለ ነበረች ወሬ ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚገባውና የሚወጣው። ልቃቂቴን አነሣችና ወደ ብርሃን ዘረጋችው።

"ይሄ ማግ ነው ገመድ? ልጅቱን ልትድሪያት ነው ልታስሪያት?"

"አስቀምጪው።"

"ኧረ እኔስ ላንቺው ብዬ ነው። የቡሬ ሰው ዓይኑ ክፉ ነው፤ ክር ይቆጥራል።"

ልጄ ፊቷ ቀላ። ጎረቤቴ ስትወጣ ልጄ ሳታየኝ፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ፣ "እማ፣ እታበባ ብታግዝሽስ?" አለች። አክስቷን እታበባ ነው የምትላት። ለአክስት እንዲህ ያለ ቁልምጫ የሰጣት ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ እማ ብቻ ነኝ።

"ታግዝ" አልሁ።

በማግስቱ እህቴ ያን ከፌስታል ጫፍ የወጣ እንዝርት አነሣች። ስትፈትል ማየት አልፈለግሁም፤ አየሁ። አመልማሎው ከእጇ እንደ ጭስ ይወጣል። ክሩ ከፀጉር አይወፍርም። መፍተል ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ ጣቷን በጣቴ ይዤ። ልጄ አጠገቧ ተቀምጣ ልቃቂቱን ትጠቀልላለች፤ ጉልበቷ ጉልበቷን ነክቶ። ወደ ግድግዳው ዞርሁ።

ያን ቀን ወደ ጸበል ልሂድ አልሁ። ጣቶቼን ልለምን። መድኃኒት ከገባልኝ ገና አራት ቀኔ ነበር። ባለቤቴ "ሐኪሙ ቀዝቃዛ አትንኪ አላለሽም?" አለኝ።

"ውሃ አለኝ እንጂ ጸበል አላለኝም" አልሁት።

እውነቴን ነበር። ጸበል ውሃ ነው ብሎ ያሰበ በቤታችን አልነበረም። እህቴም "ልክ ናት" አለች።

ማለዳ ሄድን። ታኅሣሥ ነው፤ ሣሩ አመዳይ ለብሷል። አልፎ አልፎ ቆሜ እጄን በእህቴ ብብት እያሞቅሁ ደረስን። ምንጩ ከዓለት ሥር ይወጣል። ሰው ተሰልፏል፤ አጥማቂው መነኩሴ ከላይ ቆመዋል። እህቴ ጋቢዬን ተቀብላኝ ከዳር ቆመች። ተራዬ ደረሰ። በስመ አብ ብዬ ገባሁ።

የመጀመሪያው ውሃ አናቴ ላይ ሲወርድ ሰውነቴ በሙሉ እሾህ ሆነ። ጮኼ አላውቅም እንዲያ። ሁለተኛው አፌ ገባ፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ። አየር እየገባ የማይገባ መሰለኝ። መንጋጋዬ ተቆለፈ፤ ጣቶቼ እንደ አሞራ ጥፍር ተቆለመሙ።

"ጮኸ! ጮኸ!" አለ ሰው።

"ያዘው፣ እንዳያመልጥ!"

መነኩሴው በመስቀላቸው ግንባሬን ነኩኝ። "ተናገር! ማን ነህ? ከየት ነው የመጣህባት?"

እኔ የምለው አንድ ነገር ነበር፤ ጋቢ። ጋቢውን ስጡኝ ማለት ነው የፈለግሁት። ድምፅ የለኝም። ስለዚህ ያን የተቆለመመ እጄን ወደ ጋቢዬ ዘረጋሁት። ጋቢውን ደግሞ የያዘችው እህቴ ናት።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

ከዚያ አንዲት ሴት "ኤዲያ! የገዛ ወገኗ!" አለች። ሌላዋ "መካን ናት መሰል" አለች። እህቴ ጋቢውን በደረቷ እንዳቀፈች ቆማለች። አልሸሸችም። ወደ እኔ ብትመጣ ሰዉ ከለከላት፤ "አትጠጊያት" እያሉ።

ጉሮሮዬ ሲከፈት "ጋቢ ነው ያልሁት፤ ብርዱ ነው፤ መድኃኒቱ ነው" አልሁ። ሰው አልሰማኝም። "ይደብቃታል፤ እንዲህ ነው የሚያደርገው" አሉ። መነኩሴው ብቻ ዓይኔን አይተው መስቀሉን አነሡ። "አልብሷት" አሉ። ጋቢዬን ከእህቴ እጅ ነጥቀው ሌላ ሴት አለበሰችኝ።

ወሬው እኛን ቀድሞ ሰፈር ገባ። ታናሿ እህቷ ናት የበላቻት ተባለ። ከፈረስ ቤት የመጣችው፣ ልጅ የሌላት፣ ያቺ ፈትለኛ። ክሯ እንዲያ የሚቀጥነው ያለ ነገር አይደለም ተባለ። ጅጋ ገበያ የሄደ ሰው እዚያም ሰምቶ መጣ።

ጎረቤቴ ገብታ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ወደ አገሯ ሸኚያት። ቡሬዎቹ ሳይሰሙ። ቡዳ የፈተለው ቀሚስ ለብሳ ልትገባላቸው ነው እንዴ?" አለችኝ።

እህቴ ከመጋረጃው ወዲያ ነበረች። ሰምታለች። ጎረቤቴ ስትሄድ ወጥታ ልብሷን ወደ ፌስታሏ ትከት ጀመር። አላለቀሰችም።

"የልጅቱ ሰርግ በእኔ አይበላሽ፣ እትዬ። ነገ በጠዋቱ መኪና እሄዳለሁ።"

ከጥቅምት ጀምሮ ስመኘው የነበረው ይህ ነው። ቁልፉ ይመለስልኛል። ልጄ ምድጃውን ወደ ቤት ታስገባለች። ቀሚሱን እናቷ ፈተለችላት ይባላል። አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ ማንንም ሳልበድል፣ ዝም ብዬ ብተኛ ሁሉም ይሆንልኝ ነበር።

ልጄ ገባች። የፌስታሉን ነገር አየች። ጓዳ ገብታ የቀረውን ጥጥ ከእነቁናው አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። እንዝርቴንም ሰጠችኝ።

"በይ፣ እማ። ፍተዪው።"

ቁጣ አልነበረበትም። ለዚህ ነው የከበደኝ። እንዝርቱን ያዝሁ። ክሩን ሳብሁ። ተበጠሰ። ቀጠልሁት፤ ተበጠሰ። ልጄ ቆማ ታየኛለች። በቁናው ውስጥ ግማሽ ቀሚስ የሚሆን ጥጥ አለ፤ ገና ደግሞ ደርሷል። ልጄን ማጉ የጎደለ ቀሚስ ላለብሳት ነው? ወይስ ገመድ? እንዲያ እያሰብሁ እንኳ የታየኝ የእህቴ ጣት ነበር። እንዴት እንደምትፈትል። ቅናት ዓይን አለው፤ ሰው የማያየውን ጥሩ ነገር ያያል። የእኔን ያህል አጥርቶ ያንን ክር ያየው የለም።

በዚያ መካከል የነፍስ አባቴ ደረሱ። የጸበሉን ነገር መነኩሴው ነግረዋቸው ኖሯል። ተነሥቼ ልሳለማቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

"አባ፣ ጸበሉ ለምን ጣለኝ?" አልኋቸው።

"ጸበሉ አልጣለሽም። ሐኪሙ የነገረሽን ነው የጣልሽው። ጸበሉን ቀድተሽ ፀሐይ ላይ አቆይተሽ ጠጪ። ፀሐይም የእሱ ናት።"

"ስለ እህቴ የሚባለውስ?"

"አንቺ ምን ትያለሽ?"

እሳቸው የጠየቁኝን መልስ ለእህቴ ሰጠኋት።

"ነይ፣ እንዝርትሽን ከፌስታሉ አውጪ" አልኋት።

"ሰዉስ?"

"ሰው ይበል።"

"ቡሬዎቹስ፣ እትዬ?"

"የበላኝን ሐኪም በመሣሪያ አይቶታል። ጉበቴ ላይ ነው። አንቺ ጉበቴ ውስጥ ገብተሽ አታውቂም።"

የነፍስ አባቴ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እህቴ ግን አሁን አለቀሰች። ልጄ ቁናውን ከጭኔ አንሥታ ወሰደችላት፤ እንደ ተመለሰላት ዕቃ። ያችን ፍጥነቷን አየኋት።

ማጉ ለገና ደረሰ። ሸማኔው የእኔን ወፍራሙንና የእህቴን ቀጭኑን ለይቶ "የትኛውን ከላይ ላድርገው?" ብሎ ጠየቀ። "ቀጭኑን" አልሁ። ወፍራሙን ወደ ታች፣ ወደ ጫፉ ሠራው።

ጥር ላይ አዲስ አበባ ስሄድ ሐኪሙ ደሜን አይቶ "አንሷል፤ በዚህ ዙር መድኃኒት አንሰጥዎትም፤ ይረፉ" አለኝ። ሌላው በሽተኛ ሲሰማ ይደነግጣል። እኔ ደስ አለኝ፤ ሰርጉ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ልጠጣ ነው ብዬ። ጠጣሁም። ከጣሳው በእጄ። እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ትንሽ ነገርም ያውቃል።

የሰርጉ ቀን ቡሬዎቹ በጭፈራ ገቡ። የጎረቤቴ ዓይን እነሱ ላይ ነው፤ ምን ሰምተው ይሆን እያለች። እህቴ ከሴቶቹ ኋላ፣ ከበሩ ጥግ ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ ድንኳኑ መካከል አልገባችም።

ልጄ ልትወጣ ሆነ። መጀመሪያ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ ቀጥላ የእኔን። ቀሚሱ ውብ ነበር። ራሷ ላይ እጄን ጫንሁ፤ መዳፌ ፀጉሯን አልሰማውም፤ ያም ሆኖ መረቅኋት። ሚዜዎቹ ሊያነሷት ጎንበስ አሉ።

"ቆዩ" አልሁ። "የአክስትሽንም ጉልበት ሳሚ። ፈትላልሻለች።"

በልታታለች የተባለችው ሴት ጉልበት በሙሽራ ሊሳም ነው። እህቴ በእጇ "ተይ፣ ተይ" አለች። አንድ ሽማግሌ፣ የቡሬ ሰው፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ በርጩማውን ለእሷ ሰጣት። ተቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው።

ልጄ ተንበረከከችላት። ጉልበቷን ሳመች፤ ከዚያ ግንባሯን እዚያው ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ቀረች። እህቴ ጀርባዋን ትዳብሳለች፤ አንድ ነገር በጆሮዋ ትላታለች። የጎረቤቴ አፍ ተዘግቷል። ባለቤቴ አለቀሰ። ሰዉ እልል አለ። እኔም እልል አልሁ። ግን በእኔ ጉልበት ላይ ይህን ያህል አልቆየችም። ማንም አላስተዋለም፤ እኔ አስተዋልሁ።

"ተነሺ እንግዲህ" አልኋት፣ "ቀሚሱ ይቆሽሻል።"